ኑዛዜ (በመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን)
ምእመኑ ከጥምቀት በኋላ የሠራውን ኃጢአት ለካህን ተናግሮ ስርየት የሚያገኝበት ምስጢር። በአማርኛ ቃሉ የውርስ ቃልንም ስለሚያመለክት እንዳያምታታ። በ12ኛው መቶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ጴጥሮስ ሎምባርድ ከቈጠራቸው ሰባት ምስጢራት ውስጥ ይመደባል።

ወሳኙ ዓመት 1215 እ.ኤ.አ. ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ የጠሩት አራተኛው የላተራን ጉባኤ በ21ኛው ቀኖናው፣ ለማስተዋል ዕድሜ የደረሰ ወንድም ሴትም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለአጥቢያው ካህን እንዲናዘዝ፣ በትንሣኤም እንዲቆርብ አዘዘ። እምቢ ያለ በሕይወቱ ከቤተ ክርስቲያን ይታገዳል፤ ሲሞትም ክርስቲያናዊ ቀብር ይነፈጋል። ጉባኤው ለካህኑም አልራራለትም፦ የሰማውን ያወጣ ከክህነቱ ተሽሮ፣ ገዳም ተዘግቶበት ዕድሜ ልኩን ንስሐ ይገባል። ዛሬ የሚታወቀው የኑዛዜ ሳጥን ገና አልነበረም፤ ተናዛዡ ሰው በሚያየው ቦታ ከካህኑ ፊት ይንበረከክ ነበር።

ሊቃውንቱን ያከራከረው ግን ሌላ ነው፤ የሚያስተሠርየው የልብ ጸጸት ነው ወይስ የካህኑ ቃል? አቤላርድ ለጸጸቱ አደላ። ቶማስ አኵይናስ ሁለቱን አጣመረ፦ ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሣ የምስጢሩ ቁስ፣ «እፈታሃለሁ» የሚለው ቃል ደግሞ ቅርጹ ሆነ። በሕይወት ሳለ ያልተከፈለ ካሣ፣ ነፍስ ከሞት በኋላ በምትነጻበት በፑርጋቶሪ ይከፈላል ተባለ።