የአማርኛ ልብ ወለድ ሴራና ጭብጥ አመጣጥ

የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ ሲሆን በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ። ሴራው በአጋጣሚ ላይ የቆመ ነው፦ ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ነጋዴ ፍለጋ ወጥቶ ራሱ ይጠፋል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ትፈልገዋለች። ጭብጡ ሃይማኖታዊ ነው፤ ደግነት ዋጋውን ያገኛል፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው አረማዊ ንጉሥም በመጨረሻ በክርስትና ያምናል።

በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) ጭብጡ ወደ ማኅበራዊ ማሻሻያ ዞረ። ፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ይጋጫል። እዚህ ላይ ግን ትምህርቱ ከታሪኩ ይጎላል።

ሴራንና ጭብጥን በእውነት ያዋሐደው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ነው። በዛብህ ገና በሕፃንነቱ በወላጆቹ ስለት ታስሯል፤ ሰብለ ወንጌል በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ምክንያት ሳታገባ ቆይታለች። በዛብህ ሊያስተምራት ሲቀጠር ፍቅራቸው ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት እስራቶች ይመነጫል። ጉዱ ካሣ የተባለው ገጸ ባሕርይ ንግግርም የማኅበራዊ ሥርዓቱን ጉድለት በግልጽ ያወጣል። ተማሪ የምክንያትና ውጤት ሰንሰለትን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ምሳሌ አያገኝም።

በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ ሴራው ሳስቶ የገጸ ባሕርያቱ ክርክር ዋናውን ቦታ ያዘ።