የብቻ እስር
የብቻ እስር፦ እስረኛን ከማንኛውም ሰው ለይቶ በአንድ ክፍል ማቆየት ነው። ዛሬ በእስር ላይ የሚጨመር ቅጣት ሆኖ ይታወቅ እንጂ ሲጀመር ለርኅራኄ ታስቦ ነበር።

የዚህ ሐሳብ ዋና ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1829 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ የተከፈተው ኢስተርን ስቴት ወህኒ ቤት ነው። ግርፋትንና የአደባባይ ቅጣትን የጠሉ የለውጥ አራማጆች፣ በተለይም ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች፣ ጥፋተኛ ብቻውን ሕሊናውን ቢመረምር ንስሐ ይገባል ብለው አመኑ። አርክቴክቱ ጆን ሃቪላንድ ክንፎቹን ከአንድ ማዕከል እንደ ጋሪ ጎማ ዘርግቶ ሠራው። ክፍሉ እኛ እንደምንለው ጨለማ ቤት አልነበረም፤ ብርሃን ከጣሪያው ይገባ ነበር። እስረኛው የሚበላውም የሚሠራውም እዚያው ነበር። ሲወጣ ማንንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳይለየው ፊቱ ይሸፈን ነበር።

በ1842 የጎበኘው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ አሠራሩን ከአካል ስቃይ የባሰ ሲል አወገዘው። የኒው ዮርኩ ተቀናቃኝ ኦበርን ወህኒ ቤት ደግሞ እስረኞቹን ቀን በጋራ፣ ግን በዝምታ ያሠራ፤ ሌሊት ያለያያቸው ነበር። ርካሽና ለፋብሪካ ሥራ የሚመች ስለነበር አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች እሱኑ ተከተሉ፤ ከሕሊና ክርክሩ ይልቅ ሒሳቡ ሳይረታ አልቀረም። ፊላዴልፊያም በ1913 ሥርዓቱን በይፋ ተወችው።

ንስሐው ቀርቶ ክፍሉ ተረፈ። በ1989 እንደተከፈተው የካሊፎርኒያው ፔሊካን ቤይ ባሉ ወህኒ ቤቶች ዓላማው አደገኛ የተባለን መነጠል ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ በቂ የሰው ግንኙነት ማቆየትን የብቻ እስር ይሉታል፤ ከ15 ተከታታይ ቀናት የሚያልፈውን ይከለክላሉ።