ቫይረስ የተጠረጠረበት የቤት ኮምፒዩተር፦ «ፎርማት» ከመደረጉ በፊት

የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ መዝገብ እና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጣሉ። ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ገብቶበታል ተብሎ ሲጠረጠር ብዙዎች ወደ ጥገና ቤት ወስደው «ፎርማት» ያስደርጉታል። ፎርማት ግን ከቫይረሱ ጋር በዲስኩ ላይ ያለውን ሰነድ ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ሳይጠፋ ቫይረሱን ማስወገድ ስለሚቻል፣ ፎርማት የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል።

ምልክቶቹ

በፍላሽ ላይ ያሉ ፋይሎች በድንገት ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው መታየት፣ ጸረ ቫይረሱ ባለቤቱ ሳያዝዘው ሥራ ማቆም፣ ያልተፈለጉ ድረ ገጾች በራሳቸው መከፈት እና የኢንተርኔት ጥቅል ያለ ምክንያት ቶሎ ማለቅ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የኮምፒዩተር መንቀራፈፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዲስኩ ሲሞላ ወይም ሲያረጅም ማሽኑ ይንቀራፈፋል።

መነጠል እና መፈተሽ

ጥርጣሬ ሲፈጠር የመጀመሪያው እርምጃ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት መነጠል ነው። የተሰካ ፍላሽ ይነቀላል፤ የባንክ ሒሳብም ሆነ ኢሜይል በዚያ ማሽን አይከፈትም።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ያለ ክፍያ የሚሠራ ጸረ ቫይረስ አብሯቸው ተሠርቷል። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» የሚለው ተከፍቶ፣ ለአጭር ጊዜ ኢንተርኔት ተገናኝቶ የቫይረስ መለያ መረጃው ይታደሳል። ግንኙነቱ እንደገና ተቋርጦ «ፉል ስካን» በሚለው ዲስኩ በሙሉ ይፈተሻል። ቫይረሱ ተመልሶ ከመጣ «ኦፍላይን ስካን» የሚለው ይመረጣል። ይህ ፍተሻ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር ስለሚካሄድ፣ ቫይረሱ ራሱን ለመደበቅ ዕድል አያገኝም። የተሰረቀ የ«ክራክ» ጸረ ቫይረስ መጫን ግን ሌላ ቫይረስ ሊያስገባ ይችላል።

ፍላሹስ?

ኮምፒዩተሩ ጸድቶ ፍላሹ ካልጸዳ ድካሙ ከንቱ ነው። አንድ ፍላሽ ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ቤት ሲዘዋወር ቫይረሱን ይዞ ይዞራል። የሾርትከት ቫይረስ በአብዛኛው ፋይሎችን አያጠፋም፤ ይደብቃቸውና በስማቸው የራሱን አቋራጭ ያስቀምጣል። ባለቤቱ አቋራጩን ሲጫን ቫይረሱ ይነሣል። ስለዚህ ፍላሹ ሳይከፈት በጸረ ቫይረስ ይፈተሻል። ቀጥሎ «ቪው» በሚለው ዝርዝር «ሂድን አይተምስ» ሲመረጥ የተደበቁት ፋይሎች ይታያሉ። ካልታዩ፣ በ«ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን እንዲደብቅ የተደረገው ምልክት ይነሣል። ሰነዶቹ ወደ ጸዳው ኮምፒዩተር ከተገለበጡ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይቻላል።

ከጽዳቱ በኋላ የኢሜይል፣ የማኅበራዊ ሚዲያ እና የባንክ የይለፍ ቃሎች ንጹሕ በሆነ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ይቀየራሉ።

ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ

አንዳንዱ ቫይረስ ሰነዶችን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን አጥቅቷል። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ ነበር፤ በብዛት የተጎዱት ያልታደሱ ማሽኖች ናቸው። ገንዘብ መክፈል ሰነዱ ለመመለሱ ዋስትና አይሆንም። «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለው፣ የአውሮፓ ፖሊስ የሚሳተፍበት ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች ነጻ መክፈቻ ስለሚያቀርብ፣ የተቆለፉትን ፋይሎች ሳይደመስሱ ማቆየት ይመከራል።

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽናቸው የሚችል ባለቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻሻላቸው ተገቢ ነው።

ፍተሻው ሁሉ ካልሠራ፣ ሰነድና ፎቶግራፍ ብቻ ተገልብጦ ማሽኑ ፎርማት ይደረጋል፤ ፕሮግራሞች ግን አይገለበጡም። የተገለበጠውም ከመከፈቱ በፊት ይፈተሻል። አስፈላጊ ሰነድን በየጊዜው በሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ ማስቀመጥ ደግሞ ይህን ሁሉ ጭንቀት ያቀላል።