ስፌቱ የት ድረስ ይሄዳል?

ከመሬት የወጣ አሮጌ ጠርሙስ እጃችሁ ከገባ ቀለሙን ተዉት። አረንጓዴ ከሆነ የጥንት ነው የሚል ሰው ሞልቷል፤ አረንጓዴው ግን አሸዋው ውስጥ ካለው ብረት ሊመጣ ይችላል፣ ዛሬም አረንጓዴ ጠርሙስ ይሠራል። ይልቅ ጎኑ ላይ ያለውን ስስ መስመር በጥፍራችሁ እየዳሰሳችሁ ወደ ላይ ሂዱ። የፎርማው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ስፌት ነው። አንገቱ ላይ ሲደርስ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ከንፈሩን በእጁ ያበጀው ሰው ነው። ከንፈሩን አልፎ ጫፍ ድረስ ከሄደ ግን የማሽን ሥራ ነው።

ጠርሙስን ከቂጡ እስከ ከንፈሩ በራሱ የሚሠራውን ማሽን ያመጣው ማይክል ኦወንስ ነው፤ በአሥር ዓመቱ መስታወት ፋብሪካ የገባ አሜሪካዊ። ማሽኑ በ1903 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ፣ ቶሌዶ ከተማ ሥራ ጀመረ። የቀለጠውን መስታወት ወደ ላይ መጥጦ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠበት ቦታ ቂጡ ላይ ክብ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ይሆናል የሚማርከኝ፤ ማንም ይነበባል ብሎ ያልጻፈው ሎግ ነው።

ጉለሌ አያቴ ግቢ ለሴፕቲክ ታንክ ሲቆፈር፣ ከአንድ ሜትር በታች ጠፍጣፋ፣ ነጭ ጠርሙስ ወጣ። አያቴ ገና ስታየው «የአባቴ ነው» አለች። አባቷ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የርስቱን ወረቀት ጠርሙስ ውስጥ ከቶ ቀብሮ በረሃ ወጣ፤ አልተመለሰም። እሷ ያኔ የዓመት ልጅ ነበረች፣ ወሬውን ከእናቷ ነው የሰማችው። የወጣው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጭቃ ብቻ ነው።

አጥበን አየነው። ስፌቱ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ትከሻው ላይ፣ ጠርሙሱን መሸጥም ሆነ መልሶ መጠቀም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶበታል። አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ክልከላው በ1933 እ.ኤ.አ. ሲነሳ፣ በባዶ ጠርሙስ የጓሮ አረቄ እየሞሉ የሚሸጡትን ለማስቆም የመጣ ሕግ ነው፤ ጽሑፉ ከ1935 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ግዴታ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ያስቃል። ቆራሌው እየዞረ የሚገዛው፣ ዘይት፣ ላምባ፣ ማር፣ ጠበል የሚያዝበት ጠርሙስ ነው እኮ!

እስከዚህ ድረስ የአያቴ ወሬ ተርፏል፤ የጣሊያን መግባት 1936 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የአንድ ዓመት ቀዳዳ አለ። ቂጡ ላይ ግን በእጅ ጽሕፈት ዓይነት «ዱራግላስ» የሚል አለ። የኦወንስ ኢሊኖይ ኩባንያ ይህን ስም ማውጣት የጀመረው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። መልሶ መጠቀምም አያድነውም፤ ጠርሙስ ከተሠራ በኋላ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ሊቀበር ይችላል፣ ከመሠራቱ በፊት ግን አይቀበርም።

«የአሜሪካን ዊስኪ ጠርሙስ ነው፣ ከጣሊያን በኋላ የተሠራ» አልኳት።

«ታዲያ የአባቴስ የት ሄደ?» አለችኝ።

ሴፕቲኩ የያዘው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። የቀረው ግቢ አልተቆፈረም።