ከገለምሶ እስከ ጭሮ በአንድ ወረቀት፤ የንድፍ መስፈርት ታሪክ

የገለምሶ ከተማ በ8 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ሰሜንና በ40 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ትገኛለች። የኢትዮጵያ የ1፡50,000 ካርታ እያንዳንዱ ሉህ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ መሬት የሚይዝ በመሆኑ፣ ገለምሶን የያዘው ሉህ በስተምዕራብ 40 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ላይ ያበቃል። ከተማዋም ከጠርዙ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ገባ ብላ ትታያለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን መሬት ለማየት የሚሻ መሐንዲስ ሌላ ሉህ መጨመር ግድ ይሆንበታል።

ወደ ጭሮ፣ ማለትም ወደ አሰበ ተፈሪ፣ የሚወስደው መንገድማ የባሰ ነው። ገለምሶ በአንድ ሉህ፣ በዴሳ ከእርሱ በስተምሥራቅ ባለው፣ ጭሮ ደግሞ ከበዴሳው በስተሰሜን ባለው ላይ ይውላሉ። በቀድሞው የአሠራር ዘመን ድራፍትስማኑ የሉሆቹን ኅዳግ ቆርጦ ያጣብቅ ነበር። ወረቀቱ በእርጥበት ስለሚለጠጥና ስለሚሸማቀቅ የኮንቱር መስመሮቹ በመጋጠሚያው ላይ ሁልጊዜ አይገናኙም። ከዚያ ትሬሲንግ ወረቀት ዘርግቶ በራፒዶግራፍ ይነድፋል። መስፈርቱ ከመጀመሪያው መስመር በፊት መወሰን ነበረበት፤ መስፈርት መለወጥ ማለት ንድፉን እንደገና መሥራት ነውና። አድካሚ ቢሆንም አስቀድሞ ለማሰብ የሚያስገድድ ሥርዓት ነበር።

የማባዣው ዘዴም ይህንኑ ሥርዓት ይጠብቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኸርሸል በ1842 እ.ኤ.አ. ካገኘው ዘዴ የመነጨው ብሉ ፕሪንትም ሆነ እርሱን የተካው የአሞኒያ ኅትመት የሚሠራው ዋናውን ንድፍ ከቅጂው ወረቀት ጋር አነባብሮ ብርሃን በማሳለፍ ነው። ወረቀቱ በጥቂቱ ቢሸማቀቅም ቅጂው በዋናው ልክ ይወጣል።

አውቶካድ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ መሬቱን በሙሉ ልኩ መንደፍ ተቻለ። የወረቀቱ ጉዳይ ግን ለብቻው መልስ ያገኘው በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው 11ኛው እትም ነው። በዚህ እትም ንድፉ በአንድ ስፍራ፣ ወረቀቱ በሌላ ስፍራ ተቀመጡ፤ በወረቀቱ ላይም ቪውፖርት የተባለ መስኮት ተከፈተ። በሜትር የተነደፈ መሬት በሚሊ ሜትር በሚለካ ወረቀት ላይ በ1፡50,000 እንዲታይ የመስኮቱ ማባዣ 0.02 ይሆናል። መስኮቱ እንደ ካርታው ሉህ በ40 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ላይ የሚቆም አይደለም፤ ገለምሶን መካከል ላይ ማዋል ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስሌቱን ማስቀረት አልተቻለም። ከገለምሶ እስከ ጭሮ ወደ ምሥራቅ 38 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ወደ ሰሜን 29 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በ1፡50,000 ሲሰላ 77 በ59 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የኤ1 ወረቀት 84.1 በ59.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለቱን ከተሞች ለጥቂት ቢይዝም ለኅዳግና ለርዕስ ሠንጠረዥ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ወይ ኤ0 ወረቀት፣ ወይ 1፡100,000 መስፈርት መምረጥ ያሻል። ኮምፒዩተሩ ግን ሦስተኛ መንገድ ያቀርባል፤ ንድፉን ከወረቀቱ ጋር አጣጥሞ አትም የሚለውን ትእዛዝ። ከዚህ ትእዛዝ የሚወጣው ሥዕል ያማረ ነው፤ ማስመሪያ የሚያርፍበት መስፈርት ግን የለውም።

ትልቅ ፕሎተር በሌለበት ቦታ ኤ1ን በኤ3 ማተም የተለመደ ነው። ኤ3 በርዝመትም በወርድም የኤ1 ግማሽ ስለሆነ በ1፡1,000 የተዘጋጀው የመንገድ ፕላን 1፡2,000 ሆኖ ይወጣል። በርዕስ ሠንጠረዡ ውስጥ 1፡1,000 የሚለው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቀራል፤ በእርሱ ተማምኖ በማስመሪያ የሚለካ ፎርማን የሃያ ሜትሩን ቱቦ አሥር ሜትር ብሎ ያዛል። ከንድፉ ሥር የተሠመረው የመስፈርት መስመር አብሮ ስለሚያንስ ትክክለኛውን ርቀት ያሳያል።