ላሙ ላይ ያልቆመው ጭስ ማውጫ

ማርች 2 ቀን 2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሦስት መሪዎች በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ፣ ላሙ ላይ ተገናኙ። የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር እና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ያገናኛቸው ላፕሴት የተባለው ግዙፍ ዕቅድ ነው፤ አዲስ ወደብ፣ የባቡር ሐዲድ፣ አውራ ጎዳናና የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ። ወደብ ለሌላት ኢትዮጵያ በደቡብ በኩል ሌላ በር ይከፈታል ተባለ። በዚያ ቀን ስለ ድንጋይ ከሰል ብዙም አልተወራም።

ላሙ ደሴት ናት። አሮጌው ከተማ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለየው የኖረ የስዋሂሊ መናኸሪያ ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የቤቶቹ ግንብ በኮራል ድንጋይና በኖራ የታነፀ ነው፤ ጣሪያውን የተሸከመው ደግሞ የማንግሮቭ ግንድ ነው። በጠባቦቹ ጎዳናዎች መኪና አይገባም። አሸዋውንም ሲሚንቶውንም የሚያመላልሰው አህያ ስለሆነ፣ ጭነት ሲመጣ እግረኛው ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፋል። ከኬንያ የማንግሮቭ ደን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ዓሣው የሚራባው በማንግሮቩ ሥር፣ ብዙው ሕዝብ የሚያድረውም በዓሣው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ክስ የመጣው ከባሕሩ ነው። ነዋሪዎች የወደቡ ግንባታ የዓሣ ማጥመጃቸውን ያጠፋል ሲሉ በ2012 ፍርድ ቤት ሄዱ። ስድስት ዓመት ጠብቀው፣ በኤፕሪል 2018 መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። የላሙ ሰው ስለ ሕጉ ትምህርቱን የጨረሰው በዚህ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

የድንጋይ ከሰሉ ነገር የተነሳው በ2013 ነው። አዲሱ የኡሁሩ ኬንያታ መንግሥት በ40 ወር ውስጥ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ አዲስ የኤሌክትሪክ ኃይል እጨምራለሁ ብሎ ተነሳ። ከዚህ ውስጥ 1,050 ሜጋ ዋቱ ከአሮጌው ከተማ ባሻገር፣ በዋናው ምድር ክዋሳሲ በተባለ ቦታ በሚተከል ማመንጫ ሊመነጭ ታሰበ። ወጪው 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ገንቢው አሙ ፓወር የተባለ ኩባንያ፣ ዋናው አበዳሪ የቻይናው አይሲቢሲ ባንክ። ከሰሉ መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ይመጣል ተባለ። ጭስ ማውጫው ብቻ 210 ሜትር ይረዝማል።

ሴቭ ላሙ በሚል ስም የተሰባሰቡት የአካባቢው ማኅበራት የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር። አመዱ የት ይደፋል? ማሽኑን አቀዝቅዞ የሚመለሰው ትኩስ ውሃ ዓሣውን ምን ያደርገዋል? የጭሱ አሲድ በኮራል ድንጋዩ ላይ ሲያርፍስ? የኬንያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በሴፕቴምበር 2016 ለማመንጫው ፈቃድ ሲሰጥ፣ እነሱ በካቲባ ኢንስቲትዩት ጠበቆች በኩል ለብሔራዊው የአካባቢ ጉዳዮች ልዩ ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ። ጠበቃው ኦማር ኤልማዊ ያስተባበረው ዘመቻም ጉዳዩን ከደሴቲቱ አውጥቶ ናይሮቢ አደባባይ አደረሰው።

ጁን 26 ቀን 2019 ልዩ ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ሰረዘ። ፍርዱን ያነበበ ሰው የሚገርመው ስለ ከሰል ክፋት ብዙ አለመባሉ ነው። ነገሩ የወደቀው በሥነ ሥርዓት ነው። ኩባንያው ሕዝብ አልሰበሰበም አይባልም፤ ሰብስቧል። ግን ስብሰባዎቹ በአብዛኛው የተደረጉት ጥናቱ ሳይጠናቀቅ ነበር። ሰው የተጠየቀው ገና ስላልተጻፈ ነገር ነው። ጥናቱ አልቆ ጉዳቱ በወረቀት ሲሰፍር ግን ወደ መንደሩ ተመልሶ «ይኸው፣ ምን ትላላችሁ?» ያለ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በ2016 የወጣው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ከቁም ነገር አለመቆጠሩንም አንስቷል። በእኛም አገር «ሕዝቡን አወያይተናል» የሚለው ሐረግ ምን ያህል በቀላሉ ሪፖርት ላይ እንደሚሰፍር የሚያውቅ አንባቢ፣ የፍርዱን ክብደት ይረዳዋል።

ከፍርዱ ጀርባ ሌላ የሒሳብ ጉዳይም ነበር። በ2019 የኬንያ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍላጎት 2,000 ሜጋ ዋት እንኳ አልሞላም። ለብቻው ከግማሽ በላዩን የሚያህል ማመንጫ ለማን ነው? በውሉ መሠረት ደግሞ ማመንጫው ሠራም አልሠራም ኬንያ ክፍያ ነበረባት፤ አንድ የአሜሪካ የኢነርጂ ምጣኔ ሀብት ተቋም በ25 ዓመት ቢያንስ 9 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ሲል አስልቷል። ያም ሆኖ በዚያው ሰሞን በናይሮቢ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ካይል ማካርተር ለከሰሉ በትዊተር ይሟገቱ ነበር። የአገራቸው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2018 በዕቅዱ የ20 በመቶ ድርሻ ለመግዛት ተስማምቶ ነበርና ነገሩ ብዙም አይገርምም።

ከፍርዱ በኋላ ገንዘቡ ተራ በተራ ሸሸ። የአፍሪካ ልማት ባንክ በኖቬምበር 2019 እንደማይደግፍ አስታወቀ፤ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2020 ከአዳዲስ የከሰል ማመንጫዎች ሥራ እወጣለሁ አለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አይሲቢሲም ተወው። አሙ ፓወር ግን በፍርዱ ላይ ያቀረበውን ይግባኝ ይዞ ቆየ።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የማይመች ነገር አለ። ይኸው አይሲቢሲ በ2010 ለግልገል ጊቤ 3 ግድብ ማሽኖች ብድር የሰጠ ባንክ ነው። ያን ግድብ ከቱርካና ሐይቅ ዳር ሆና የተቃወመችው ኬንያዊቷ ኢካል አንጌሌይ በ2012 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሸልማለች። መከራከሪያዋ አጭር ነበር፤ የሐይቁ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ግድቡ ከሚሠራበት ከኦሞ ወንዝ ነው፣ ከሐይቁ የሚኖረውን ሕዝብ ግን ማንም አላማከረውም። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ግድቡ ጎርፍን ይገታል፣ ለልማት የሚሆን ብርሃን ያመጣል ሲል መልሷል። ግድቡ ተሠርቶ በዲሴምበር 2016 ተመረቀ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ኬንያ ከወላይታ ሶዶ በሚነሳው የ1,000 ኪሎ ሜትር መስመር 200 ሜጋ ዋት ከኢትዮጵያ መግዛት ጀመረች። የላሙ ተሟጋች ያለ ከሰል መኖር እንደሚቻል ለማሳየት የሚጠቅሰው የውሃ ኃይል፣ ለቱርካና ዓሣ አጥማጅ የቅሬታው ምንጭ ሆኖ ተገኘ።

ነፋሱም ከዚህ አያመልጥም። በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው የ310 ሜጋ ዋቱ የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ማመንጫ የላሙ ፈቃድ በተሰረዘ በወሩ ተመረቀ። ጭስ የለውም፣ አመድ የለውም። በኦክቶበር 2021 ግን የሜሩ ፍርድ ቤት ማመንጫው ያረፈበት መሬት የተወሰደው ሕጉን ሳይከተል ነው ሲል ፈረደ።

በኦክቶበር 2025 በማሊንዲ የሚያስችለው የአካባቢና የመሬት ጉዳዮች ፍርድ ቤት የአሙ ፓወርን ይግባኝ ውድቅ አደረገው። ሙግቱ ግን የላሙ ብቻ አይደለም፤ ከላሙ ወደ ደቡብ፣ በዚያው የባሕር ዳርቻ በኪሊፊ ካውንቲ፣ መንግሥት ኡዮምቦ በተባለ መንደር የኑክሌር ማመንጫ አስቦ ነበር። በ2024 ነዋሪዎች ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ በዱላ በተናቸው። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወዳለው የሲያያ ካውንቲ አዙሯል።