የአሜሪካ መራጮች ቅሬታ፡ መነሻው፣ መገለጫውና ገደቡ

በዩናይትድ ስቴትስ በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ከዕጩዎቹ ፉክክር ጎን ለጎን የሚነሳ ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም መራጩ ሕዝብ በቀረቡለት ዕጩዎችና በአገሪቱ ፖለቲካ ላይ የሚያሰማው ቅሬታ ነው።

ቅሬታው በሁለት ተከፍሎ ሊታይ ይችላል። አንደኛው በዕጩዎቹ ማንነትና አመራረጥ ላይ የሚቀርብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በድምፅ አሰጣጥና አቆጣጠር ላይ የሚነሳ ነው። የአገሪቱ የምርጫ ሥርዓት የመጀመሪያውን ለረጅም ዘመን ተሸክሞት ኖሯል። ሁለተኛው ግን ሥርዓቱን ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጥ መሆኑ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በግልጽ ታይቷል።

በመንግሥት ላይ ያለው አመኔታ

ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ያጠናቀራቸው መረጃዎች እንደሚያመለክቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ከአሜሪካውያን ሦስት አራተኛ የሚሆኑት የፌዴራሉ መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ነገር ይሠራል የሚል እምነት ነበራቸው። በ2024 ይህ እምነት ያላቸው ዜጎች 22 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። አመኔታው ማሽቆልቆል የጀመረው በቬትናም ጦርነት ወቅት ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በ1974 ሥልጣን እንዲለቁ ያደረገው የዋተርጌት ቅሌት ይበልጥ አባብሶታል።

የዕጩዎች አመራረጥ

እ.ኤ.አ. በ1968 ምክትል ፕሬዚዳንት ሁበርት ሃምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎው የዲሞክራቶች ጉባዔ የፓርቲው ዕጩ ሆነው ተሰየሙ። ጦርነቱን የሚቃወሙ ሰልፈኞች ከጉባዔው አዳራሽ ውጭ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ሚስተር ሃምፍሪም በምርጫው ተሸነፉ። ፓርቲው ከዚህ በኋላ ባቋቋመው ኮሚሽን አማካይነት ደንቡን ያሻሻለ ሲሆን፣ ከ1972 ጀምሮ ዕጩ የመምረጡ ሥልጣን በአብዛኛው በቅድመ ምርጫ ወደ መራጩ ተላልፏል።

ይሁን እንጂ ማሻሻያው ቅሬታውን አላስቀረም። በቅድመ ምርጫ የሚሳተፈው ሕዝብ በዋናው ምርጫ ከሚሳተፈው በእጅጉ ያነሰ ነው። ዘግይተው የሚመርጡ ግዛቶች ነዋሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሚሰጡት አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ነው። የገንዘብ ተጽዕኖም ሌላው የቅሬታ ምንጭ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2010 በሰጠው ውሳኔ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩዎች ጋር ሳይቀናጁ ለምርጫ ቅስቀሳ በሚያወጡት ገንዘብ ላይ የነበረውን ገደብ አንስቷል።

የድምፅ ክብደት

ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው አካል 538 ወካይ መራጮች ሲሆኑ፣ ለማሸነፍ 270 ድምፅ ያስፈልጋል። ከሜይንና ከኔብራስካ በስተቀር በሁሉም ግዛቶች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ዕጩ የግዛቱን ወካይ ድምፅ በሙሉ ይወስዳል። በመሆኑም ዕጩዎች ትኩረታቸውን እንደ ፔንሲልቫኒያ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን ባሉ ውጤታቸው አስቀድሞ በማይታወቅ ጥቂት ግዛቶች ላይ ያደርጋሉ። በካሊፎርኒያ የሚኖር የሪፐብሊካን ደጋፊ ድምፁ በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ይሰማዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሚስተር አል ጎር፣ በ2016 ደግሞ ወይዘሮ ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ በልጠው ሳለ ተሸንፈዋል። የተወካዮች ምክር ቤት ይህን አሠራር የሚሽር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1969 ቢያጸድቅም በሴኔቱ ሳያልፍ ቀርቷል።

ቅሬታ የሚገለጽባቸው መንገዶች

ቅሬታ ያደረበት መራጭ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ከሁለቱ ዋና ዋና ፓርቲዎች ውጭ ያለ ዕጩ መምረጥ ነው። ባለሀብቱ ሚስተር ሮስ ፔሮ በ1992 ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ ቢያገኙም አንድም ወካይ ድምፅ አላገኙም። በ2000 የአረንጓዴ ፓርቲው ዕጩ ሚስተር ራልፍ ኔደር በፍሎሪዳ ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ ሲያገኙ፣ በዚያው ግዛት በሚስተር ጆርጅ ቡሽና በሚስተር ጎር መካከል የነበረው ልዩነት 537 ድምፅ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ማንንም አለመምረጥን በድምፅ መግለጽ ነው። የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ሕግ በድምፅ መስጫው ላይ «ከእነዚህ ዕጩዎች አንዳቸውም» የሚል ምርጫ እንዲካተት አድርጓል። በየካቲት 2024 በተካሄደው የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ሚስተር ዶናልድ ትራምፕ በድምፅ መስጫው ላይ ያልነበሩ ሲሆን፣ ይህ አማራጭ ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ በማግኘት ወይዘሮ ኒኪ ሃሌይን በልጧል። ሆኖም በሕጉ መሠረት አሸናፊ ተብሎ የሚመዘገበው ምንጊዜም ዕጩ ነው። በዚያው ወር በሚሺጋን የዲሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ መራጮች ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በጋዛ ጦርነት ላይ የያዙትን አቋም በመቃወም «አልወሰንኩም» የሚለውን መርጠዋል።

ሦስተኛው ከምርጫው መቅረት ነው። ከፍተኛ ተሳትፎ በተመዘገበበት የ2020 ምርጫ እንኳ መምረጥ ከሚችሉት ዜጎች አንድ ሦስተኛው ያህል ድምፅ አልሰጡም።

በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ የራሷ ቅሬታ አላት። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ መንግሥታዊ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነዋሪዎቿ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ሦስት ወካይ ድምፅ ቢኖራቸውም በኮንግረሱ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላቸውም። በ2000 ከከተማዋ ወካይ መራጮች አንዷ ይህንኑ በመቃወም ድምፃቸውን ሳይሰጡ ቀርተዋል።

የቆጠራው ጉዳይ

በ2000 በፍሎሪዳ ፓልም ቢች የተዘጋጀው የድምፅ መስጫ የዕጩዎችን ስም በግራና በቀኝ ገጽ አስፍሮ የሚበሱትን ቀዳዳዎች መሐል ላይ በማድረጉ በርካታ መራጮች ያላሰቡትን ዕጩ መምረጣቸውን ገልጸዋል። አዘጋጆቹ ስሞቹ ጎልተው እንዲነበቡ በማሰብ የወሰዱት እርምጃ አገራዊ ውዝግብ አስነሳ። ድጋሚ ቆጠራው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ5 ለ4 ውሳኔ ታኅሣሥ 12 ቀን 2000 ቆመ። በማግስቱ ሚስተር ጎር በውሳኔው እንደማይስማሙ፣ ነገር ግን እንደሚቀበሉት አስታወቁ። ኮንግረሱም በ2002 ያረጁ የድምፅ መስጫ መሣሪያዎች የሚተኩበትን ሕግ አወጣ።

ከ2020 ምርጫ በኋላ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የጆርጂያ ግዛት አምስት ሚሊዮን ያህል የድምፅ መስጫ ወረቀቶችን በእጅ ዳግም ቆጥሮ የሚስተር ባይደንን አሸናፊነት አረጋገጠ። በየፍርድ ቤቱ የቀረቡት አቤቱታዎችም ውጤቱን አልቀየሩትም። ያም ሆኖ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሽንፈታቸውን ባለመቀበላቸው ደጋፊዎቻቸው ጥር 6 ቀን 2021 የኮንግረሱን ሕንፃ ወረሩ። በ2022 የወጣ ሕግ የወካይ ድምፆችን አቆጣጠር ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል።

በ2024 ሚስተር ባይደን በሐምሌ ወር ከውድድሩ ሲወጡ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ በዚያ ዓመት ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ ዕጩ ሆኑ። ሚስተር ትራምፕ 312 ለ226 ሲያሸንፉ ወይዘሮ ሃሪስ በማግስቱ ሽንፈታቸውን ተቀብለዋል።

ከእነዚህ ክንውኖች መገንዘብ እንደሚቻለው፣ በዕጩ ያልረካ መራጭ ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ዕድል ያገኛል። ድምፄ በትክክል አልተቆጠረም ብሎ ያመነ መራጭ ግን ቀጣዩን ምርጫ የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየውም። ይህን አመኔታ የመጠበቁ ኃላፊነት ከዕጩዎች በተጨማሪ የድምፅ መስጫውን በሚያዘጋጁት፣ በሚቆጥሩትና ውጤቱን በሚያረጋግጡት ሠራተኞች ላይ የወደቀ ነው።